አንድ ውሃ፣ ሁለት መውረጃ

ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከፏፏቴው ሥር እንደ ጢስ ከሚነሣው የውሃ ብናኝ ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ወራት ወደዚያ የተጓዘ ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሰፊ ደረቅ ገደልና በጥጉ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። የቀረው ውሃ ወዴት ሄደ? ለመልሱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ይረዳናል።

በፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 የተሠሩ ሲሆን፣ ዐቅማቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 11.4 እና 73 ሜጋ ዋት ነው። በስፍራው ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ግድብ የለም። ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ በብረት ቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል፤ ተርባይኑን አሽከርክሮም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ማጠራቀሚያው የጣና ሐይቅ ሲሆን፣ ከ1996 ጀምሮ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ከ50 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት 1000 × 9.8 × 50፣ ማለትም 490,000 ጁል ነው። በየሴኮንዱ አንድ ሜትር ኩብ ቢወርድ 490 ኪሎ ዋት እናገኛለን ማለት ነው። በቧንቧ፣ በተርባይንና በጄኔሬተር አንድ ዐሥረኛው ይባክናል ብንል፣ 440 ኪሎ ዋት ያህል ይቀረናል። በመሆኑም 73 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በሴኮንድ 165 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ከጣና ወደ ዓባይ ይወጣ የነበረው ውሃ ግን በዓመቱ አማካይ ከ110 እስከ 120 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር! ማመንጫው ያገኘውን ሁሉ ቢወስድ ለፏፏቴው ምንም እንደማይተርፍ ከዚህ እንረዳለን።

በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ሁኔታውን ለወጠው። ይህ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ የሚወስደውን ውሃ ከ300 ሜትር በላይ ስለሚያወርደው፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የጢስ ዓባይን ስድስት እጥፍ ያህል ጉልበት ያገኛል። ይኸው ውሃ በበለስ ወንዝ ዞሮ ዓባይን ቢቀላቀልም፣ ፏፏቴውን ግን አያየውም።

በጉልበት ሂሳብ ብቻ ከፈረድን በለስ ያሸንፋል። ነገር ግን በብናኙ የሚለመልመው ዕፅዋትና ጎብኚ በመምራት የሚተዳደረው የአካባቢው ወጣት በዚህ ቀመር ውስጥ አልገቡም። ለፏፏቴው በሴኮንድ 10 ሜትር ኩብ ይተው ብንል፣ በጢስ ዓባይ 4.4፣ በበለስ ደግሞ 26 ሜጋ ዋት ያህል እናጣለን። ዋጋው ይህ ነው። ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ፊዚክስ አይወስንልንም፤ ዋጋውን ሳያውቁ መከራከር ግን ለፏፏቴውም ሆነ ለመብራቱ አይበጅም።