ድንቅነሽ ከቅንፍ ወጣች

በአገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ እናዘጋጅ በነበረበት ዘመን «ሉሲ» የሚለው ስም በትልቁ ይታተማል፤ «ድንቅነሽ» በቅንፍ ይከተላል። አንድ ቀን ገልብጠን ብንጽፈው «ዓለም የሚያውቃት በሉሲ ነው» ተብሎ ርዕሱ ተመለሰልን። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን አልረሳነውም።

ያስታወሰን የጠፈር ወሬ ነው። ናሳ ኦክቶበር 16 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. «ሉሲ» የተባለች መንኩራኩር ወደ ጁፒተር አካባቢ አለቶች ላከ። በ2023 መግቢያ ላይ፣ ካሜራዋ ዒላማውን ተከታትሎ መያዝ መቻሉ እንዲፈተሽ፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው የአስትሮይድ ቀበቶ በውስጠኛው በኩል የምትገኝ አንዲት ትንሽ አለት በጉዞዋ ላይ ተጨመረች። አለቲቱ በ1999 ከተገኘች ጀምሮ ስም አልነበራትም። «ሉሲ»ን መንኩራኩሯ ስለወሰደችው «ድንቅነሽ» ለአለቲቱ ደረሰ። በዓለም አቀፉ መዝገብ በቅንፍ የገባው ቁጥሯ ነው፤ 152830። ስሟ ከቅንፉ ውጪ ነው።

ኖቬምበር 1 ቀን 2023 መንኩራኩሯ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ደሴ ከሚያደርሰው መንገድ ብዙም በማይበልጥ፣ አልፋት ሄደች። ምስሉ ሲደርስ አለቷ ብቻዋን አልነበረችም። 720 ሜትር ገደማ ስፋት ያላትን ድንቅነሽን፣ በ3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አንዲት ታናሽ በ53 ሰዓት ገደማ አንዴ ትዞራታለች። ከቀናት በኋላ ተጨማሪ ምስል ሲመጣ ደግሞ ታናሿ ራሷ እያንዳንዳቸው 200 ሜትር አለፍ የሚሉ ሁለት አለቶች ተጣብቀው ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ ጥንድ ሌላ አስትሮይድ ሲዞር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

በዚያው ወር ታናሿ «ሰላም» ተባለች፤ ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ባገኟት ሕፃን ስም። (ወሩ አማራ ክልል በውጊያና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የነበረበት መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም።)

የውጭ ጋዜጦች ሕፃኗን «የሉሲ ልጅ» ይሏታል። ስህተት ነው፤ ሰላም የ3.3፣ ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናቸው፤ «ልጅ» የተባለችው ትቀድማለች። ጠፈር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው ወጣ ገባ አለት ሙቀቱን መልሶ ሲተፋ በጥቂት በጥቂቱ ይገፋል፤ በረጅም ዘመን ሽክርክሪቱ እየፈጠነ ይሄዳል። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ድንቅነሽ በዚህ መንገድ ፈጥና ስትሽከረከር ከአካሏ ተፈናቅሎ የተበተነው ድንጋይ ተሰብስቦ ነው ሰላም የሆነው።