በግድግዳ ላይ የሚደራረብ ቀለም፦ ከዓሲር ቤቶች እስከ ዑረይጃ የኪራይ ክፍሎች

ሪያድ፦ ለተከራይ ቤተሰብ የቤቱ ግድግዳ የሰው ንብረት ነው። ይሁን እንጂ ልጅ የሚያድገው፣ እንግዳ የሚስተናገደው፣ በዒድ ቀን ዘመድ አዝማድ የሚሰባሰበው በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። በደቡብ ምዕራብ ሪያድ እንደሚገኘው ዑረይጃ ባሉ ሠፈሮች ለሚኖሩ ወገኖች ባዶውን ግድግዳ በአነስተኛ ወጪ የማስዋቢያ አንዱ መንገድ ስቴንስል ነው። ጥበቡ ቅርጽን በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ላይ ቆርጦ በማውጣት፣ በቀዳዳው በኩል ቀለም ረጭቶ በግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነው።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት ዋሻ ውስጥ እጅን በድንጋይ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን ቀለም በመርጨት የተሠራ ምስል ቢያንስ 39,900 ዓመታት እንዳስቆጠረ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቀዋል። በጣሳ የሚረጨው ቀለም ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሲሞር በባለቤቱ ሐሳብ አመንጭነት ሠራው። ስቴንስልና የጣሳ ቀለም በከተማ ግድግዳዎች ላይ ተጣምረው የታወቁት ብሌክ ለ ራ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ በጀመራቸው ሥራዎች ነው።

ሪያድም ለግድግዳ ሥዕል እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኢርቃ የሚገኘው አገልግሎት ያቆመ ሆስፒታል የግድግዳ ሥዕል ፌስቲቫል አስተናግዷል። ይህ ግን በፈቃድ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሕዝብ ሥነ ምግባር ደንብ ያለ ፈቃድ በሕዝባዊ ሥፍራ ግድግዳዎች ላይ መጻፍንና መሳልን ይከለክላል። ስለዚህ ጀማሪ ሊለማመድ የሚገባው በቤቱ ውስጥ ነው፤ ያውም የቤቱን ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ከተቀበለ በኋላ።

የቤትን የውስጥ ግድግዳ በማስዋብ ረገድ መንግሥቱ ያለው ታላቅ ቅርስ የዓሲር ክልል ሴቶች ጥበብ የሆነው «አል-ቀጥ አል-ዓሲሪ» ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። መደቡ ዘወትር ነጭ ጀሶ ሲሆን፣ በላዩ መስመሮች፣ ሦስት ማዕዘኖችና ልዩ ልዩ ምልክቶች በደማቅ ቀለም ይሳሉበታል። በተለይ የሚዋበው የእንግዳ ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የሚለያዩ ሴት ዘመዶቿን ለእገዛ ትጠራለች፤ ታናሿም ከታላቋ እያየች ትማራለች። ፋጢማ አቡ ቀሐስን የመሰሉ የሪጃል አልማዕ ሠዓሊዎች ጥበቡን ጠብቀው ለተከታዩ ትውልድ አስተላልፈዋል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። አል-ቀጥ የሚሳለው በነጻ እጅ ሲሆን መስመሩ የሠዓሊዋን እጅ ይከተላል፤ ስቴንስል ግን አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ ያትማል። የዓሲርን ንድፍ በካርቶን ቆርጦ መርጨት ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ የጥበቡ ነፍስ የሆነውን የሴቶቹን መሰባሰብ ግን አይተካም። ከዓሲር ሴቶች ሊወረስ የሚገባው ልማድ ሥራውን ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር መሥራት ነው። ለንድፍማ ኢትዮጵያዊው የራሱ ምንጭ አለው። በሐረር ጁገል ባህላዊ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶች ጂኦሜትሪያዊ ቅርጽ ስላላቸው ለመቁረጥ የተመቹ ናቸው።

ባለ ብዙ ንብር ሥራ የሚጀምረው ንድፉን በቀለም መጠን ከመከፋፈል ነው። ለሦስት ቀለም ሦስት ቅዶች ይዘጋጃሉ፦ ሰፊውና ፈዛዛው መጀመሪያ፣ መካከለኛው ቀጥሎ፣ ጠቆር ያለው ዝርዝር መጨረሻ። ንብሮቹ እንዳይዛነፉ በሦስቱም ቅዶች ማዕዘን ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይቆረጣል። ክብ ነገር ሲቆረጥ መሐሉ ስለሚወድቅ ቀጭን ማያያዣ ድልድይ መተው ያስፈልጋል፤ በእኛ ፊደል «መ» እና «ወ»፣ በዐረብኛው ደግሞ «ሚም» እና «ዋው» ይህን ጥንቃቄ ይሻሉ።

ግድግዳው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ አቧራው ይጠረጋል፤ ቅዱም በወረቀት ፕላስተር ይጣበቃል። ጣሳው በሚገባ ተንጦ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ይረጫል። በአንድ ጊዜ የተደፋ ቀለም ከቅዱ ሥር ሰርጎ ጠርዙን ያበላሻል። አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም።

ከሁሉም በላይ አደጋው ሊታሰብበት ይገባል። በጣሳው ውስጥ ያለው ግፊት ሰጪ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ተቀጣጣይ ስለሆነ ምድጃና ማንኛውም እሳት መጥፋት፣ መስኮትም መከፈት አለበት። ጣሳው ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ሲያገኘው ሊፈነዳ ይችላል፤ በሪያድ በጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ተራ ማስክ አቧራን እንጂ የቀለሙን ትነት አያግድም፤ ማጣሪያ ያለው መከላከያ ያስፈልጋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው ሰዎች ከክፍሉ ይራቁ። መስኮቱ ጠባብ ለሆነ ክፍል በውኃ የሚቀጥን ቀለም በስፖንጅ መምታት ይመረጣል፤ ንብሩም በዚያው ቅድ ይሠራል።

የምስሉን ምርጫ በተመለከተ፣ ሕይወት ያላቸውን ፍጡራን መሳል በዑለማዎች ዘንድ የታወቀ ክርክር ያለበት ሲሆን፣ የዕፅዋትና የጂኦሜትሪ ንድፍ ግን ከዚህ ነጻ ነው። በቂብላ በኩል ያለውን ግድግዳ ባዶ መተው ሰጋጁን ከመዘናጋት ይጠብቃል።

ባለቤቱ ያልፈቀደ እንደሆነ ሥራውን በጣውላ ወይም በሸራ ላይ ሠርቶ መስቀል ይቻላል። ቢፈቅድም እንኳ የኪራይ ዘመን ሲያበቃ ግድግዳው ለባለቤቱ ይቀራል። የተቆረጡት ቅዶች ግን ቀለማቸው ተጠርጎ በሻንጣ ይገባሉ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የቆረጡት ንድፍም ነገ በደሴ ወይም በሐረር በራሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ሊያርፍ ይችላል።