ሕዝብ የሌለው መንበር

የደሴ ልጅ ሁሉ ቦሩ ሜዳን ያውቃል። በዚያ በ1878 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሸዋ ከምኒልክ ዘንድ ይኖሩ የነበሩት ጣሊያናዊ ካቶሊክ ማሳያ፣ ሕዝቡ «አቡነ መሲያስ» የሚላቸው፣ ካገር እንዲወጡ ታዘዙ። ለመሆኑ እኒህ ሰው የየት ጳጳስ ነበሩ? በሥራቸው የኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ እንደራሴ፤ በማዕረጋቸው ግን የካሲያ ጳጳስ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ጳጳስ ያለ መንበር አይሾምም። ስለዚህ ሮማ ለሚስዮን ጳጳስ ስትቀባ የጠፋ ሀገረ ስብከት ስም ትሰጠዋለች፤ ምእመንም ግብርም የለበትም። እስከ 1882 ድረስ «ኢን ፓርቲቡስ ኢንፊዴሊዩም»፣ ማለት በማያምኑ ሰዎች አገር፣ ይባል ነበር። ሊዮን 13ኛ ይህን ስድብ የመሰለ አጠራር አስቀርተው «የማዕረግ መንበር» አሰኙት፤ ደግ አደረጉ።

ማሳያ በ1849 ምጽዋ ላይ የቀቧቸው ጁስቲኖ ደ ያኮቢስም የኒሎፖሊስ ጳጳስ ተባሉ። ኒሎፖሊስ ከካይሮ በስተ ደቡብ የነበረች የግብፅ ከተማ ናት። በ250 ገደማ፣ በዴክዮስ ስደት ጊዜ፣ ሽማግሌው ጳጳስዋ ኬሬሞን ከሚስቱ ጋራ ወደ ተራራ ሸሸ፤ ወንድሞች ቢፈልጉ ሬሳቸውን እንኳ አላገኙም። ይህን የጻፈው የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ ነው፤ አውሳብዮስም በታሪኩ አቆይቶልናል።

እንዲያው የስም ሹመት ነው ብሎ የሚስቅ ይኖራል፤ እኔም ስቄ ነበር። ነገር ግን ያኮቢስ ራሳቸው ጎንደር ታስረው፣ ከአገር ወደ አገር ተሰደው፣ በ1860 ከምጽዋ ወደ ደጋ ሲወጡ በመንገድ ላይ ሞቱ። መቃብራቸው ሄቦ ነው፤ ኒሎፖሊስ አይደለም።