አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ደም ሥር

(ድምፅ፦ የዘነበወርቅ ታክሲ ረዳቶች ጥሪ፤ ቀስ እያለ ይርቃል)

ተራኪ፦ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክመው እዚህ ነው። አንዳንዶቹን ሐኪሞች «ሪአክሽን» የሚሉት ነገር ይነሣባቸዋል፤ ትኩሳት፣ ከቆዳ ሥር የሚያብጥ ቀይ ዕባጭ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም።

በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዶክተር ጃኮብ ሼስኪን እንዲህ ለሚሠቃይ ሕመምተኛ እንቅልፍ እንዲወስደው ብለው ታሊዶማይድ ሰጡት። ሪአክሽኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ በረደ። መድኃኒቱ ግን ከ1961 ጀምሮ ከገበያ የተነሣ ነበር። እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ስለወሰዱት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተዋል፤ ብዙዎቹ ክንዳቸው ወይም እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል።

(ድምፅ፦ የፅንስ የልብ ምት)

ተራኪ፦ ይህን ጉዳት ለመረዳት ከደም ሥር አፈጣጠር እንነሣ። በፅንስ ውስጥ ደም ሥር መሠራት የሚጀምረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የተበታተኑ ሴሎች ተሰባስበው ቱቦ ይሆናሉ። ከዚያ ካለው ቱቦ ቅርንጫፍ ይወጣል። ኦክስጅን ያጠራቸው ሴሎች ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ በቅርብ ካለው ደም ሥር ግድግዳ አንዲት ሴል እንደ ጣት ቀጫጭን ዘንጎች ዘርግታ ፕሮቲኑ ወደመጣበት ትሳባለች። ሌሎቹ ይከተሏታል፤ መሐላቸው ክፍት ይሆንና ደም ያልፍበታል። ቆይተው ሌሎች ሴሎች ከውጭ ከበው ያጸኑታል። በ2009 የአበርዲን ተመራማሪዎች በጫጩት ፅንስ ላይ እንዳሳዩት፣ ከታሊዶማይድ የተገኘ ውሁድ ገና ያልጸናውን ደም ሥር ያጠፋል፤ ክንድ በሚያቆጠቁጥበት ሰዓት ያለው ደግሞ ያልጸና ደም ሥር ነው።

ዕጢም የሚጠቀመው በዚሁ የቪኢጂኤፍ ጥሪ ነው። ተመራማሪው ጁዳ ፎክማን በ1971 እንደጻፉት፣ አዲስ ደም ሥር ያላገኘ ዕጢ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል። ካገኘ ግን ጥሪው አያባራም፤ ደም ሥሮቹ ጠማማና የሚያፈሱ ይሆናሉ፣ መድኃኒት እንኳ በወጉ አያደርሱም። በ1994 በፎክማን ቤተ ሙከራ ሮበርት ዳማቶ ታሊዶማይድ የደም ሥር ዕድገትን እንደሚገታ አሳዩ። በዚህ መነሻ መድኃኒቱ በመቅኔ ካንሰር ላይ ተሞከረ፤ በ2006 አሜሪካ ለዚሁ በሽታ ፈቀደችው።

(ድምፅ፦ የሆስፒታል ኮሪደር)

ተራኪ፦ ወደ ሥጋ ደዌ እንመለስ። ሪአክሽን የያዛት፣ ነገ ልታረግዝ የምትችል ወጣት ግን ታሊዶማይድን በእጅጉ መፍራት ይገባታል። ለሪአክሽን የተለመደው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎንም ሲራዘም ስኳር ሊያመጣ፣ አጥንት ሊያሳሳ ይችላል። ሌላ አማራጭ ፍለጋ፣ በአለርት ሳይክሎስፖሪን የተባለን መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተካሂደው በ2016 ታትመዋል።