ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሲመልስዎት

ሲዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ባለበት የድሮ ሶላሪስ ማሽን ላይ ስምና ፓስወርድ ያስገባሉ፤ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልማል፤ ከዚያ ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ ይደቀናል። ይኼኔ ፓስወርዱን ደጋግሞ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ቢሳሳት ኖሮ ማሽኑ እዚያው ይናገር ነበር። ጨልሞ ከተመለሰ ፓስወርዱን ተቀብሏል፤ የተሰናከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዴስክቶፑ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ከታች በ1984 በኤምአይቲ የተጀመረው ኤክስ አለ፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የሚይዘው እሱ ነው። ከላይ ሰን፣ ኤችፒና አይቢኤም ከሌሎች ጋር ሆነው በ1990ዎቹ ያወጡት ሲዲኢ ይቀመጣል። የመግቢያውን ገጽ የሚስለው ኤክስ ስለሆነ፣ ገጹ ከታየ የታችኛው ፎቅ ደህና ነው። የስክሪን ካርዱን አይነካኩ። ሲስተሙን እንደ አዲስ ለመጫን መቸኮልማ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሲዲኢ ሲነሣ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ መጻፍ አለበት። ካልቻለ ይወድቃል፤ የመግቢያው ገጽም ይመለሳል። ዋናው ተጠርጣሪ የሞላ ዲስክ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የሶላሪስ የፋይል ሥርዓት ዩኤፍኤስ ከዲስኩ ጥቂት ቦታ ሩት ለሚባለው የአስተዳዳሪ መለያ ብቻ ማስቀረቱ ነው። አስተዳዳሪው በሩት ይገባና «ይሠራል እኮ!» ይላል፤ ተጠቃሚው ግን አንዲት ፊደል የሚጽፍበት ቦታ የለውም። አንዳንዴም ዲስኩ ሳይሞላ፣ አንድ ሰው በሩት ሆኖ ፋይል ሲገለብጥ የፎልደሩ ባለቤት ሩት ሆኖ ይቀራል።

ለማጣራት በመግቢያው ገጽ ካለው የአማራጮች ሜኑ ፌይልሴፍ የሚለውን ይምረጡ። አንድ ተርሚናል ብቻ ይከፈታል። ዲኤፍ በሚለው ትዕዛዝ የዲስኩን ቦታ ይዩ። ከዚያ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ባለው ዶት ዲቲ የተባለ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ስታርትሎግና ኤረርሎግ የሚባሉትን ፋይሎች ያንብቡ፤ ሲዲኢ የት እንደቆመ እዚያ ይጽፋል። ዲስኩ ከሞላ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባዶነታቸውም ራሱ ይናገራል። እዚያው ያለው ሴሽንስ ፎልደር ተበላሽቶ ከሆነ አይሰርዙት፤ ስሙን ቀይረው እንደገና ይግቡ።

የሲዲኢ የመልእክት ሥርዓት ሊነሣ እንዳልቻለ የሚናገር ሳጥን ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማሽኑ የራሱን ስም ከአድራሻው ጋር ማገናኘት አቅቶታል። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ ፋይል ከፍተው የማሽኑ ስም ከትክክለኛው አይፒ ቁጥር ጎን መጻፉን ያረጋግጡ። ኔትወርክ ሲታደስ ቁጥሩ ይቀየርና ይህ ፋይል ይረሳል።