ከመጨረሻው የተጀመረ ታሪክ፦ «ኦፐሬሽን፦ ማይንድክራይም» እና አቀባበሉ



የዛሬው ገለጻዬ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ አንድ የሙዚቃ አልበም ላይ ያተኩራል። አልበሙ «ኦፐሬሽን፦ ማይንድክራይም» ይባላል፤ የሠራውም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ለሲያትል ቅርብ በሆነችው ቤልቪዩ ከተማ የተመሠረተው ኩዊንስራይክ የተሰኘ ባንድ ነው። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገበያው ሙዚቃን በነጠላ ዘፈን በሚያስተዋውቅበት ዘመን፣ በተርታ ካልተደመጠ ምሉዕ ትርጉም የማይሰጥ ሥራ እንዴት አድማጭ አገኘ?

አስቀድሜ የዘርፉን ምንነት ላብራራ። ሄቪ ሜታል በሻካራ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅና በኃይለኛ ከበሮ የሚታወቅ የሮክ ዘርፍ ነው። ፕሮግረሲቭ ሜታል ይህንን ኃይል ከ1970ዎቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባሕርያት ጋር ያዋሕዳል፤ እነርሱም ረጃጅም ድርሰቶች፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ የሚለዋወጥ ምት፣ እንዲሁም አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ ትረካ ናቸው። በአልበም መተረክ በራሱ አዲስ አልነበረም፤ ዘ ሁ በ1969 «ቶሚ»ን፣ ፒንክ ፍሎይድ በ1979 «ዘ ዎል»ን አውጥተው ነበር።

የ«ማይንድክራይም» ባለታሪክ ኒኪ ይባላል። የሄሮይን ሱሰኛ ነው፤ በሚያየው ሙስናና ግፍም ተቆጥቷል። ዶክተር ኤክስ የተባለ የምስጢራዊ ድርጅት መሪ ቁጣውንና ሱሱን መያዣ አድርጎ ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል፤ ትእዛዙን የሚሰጠውም በአንዲት የምልክት ቃል ነው። ኒኪ የሚቀርባት ብቸኛ ሰው ሲስተር ሜሪ ናት፤ እርሷን እንዲገድል ሲታዘዝ ግን እጁ አልታዘዝ ይለዋል። በኋላ ሞታ ያገኛታል። ማን ገደላት? አልበሙ መልስ አይሰጥም።

የሙዚቃው አወቃቀር ይህንኑ ትረካ ያገለግላል። በፒተር ኮሊንስ ፕሮዲውሰርነት የተሠሩት 15 ክፍሎች በንግግር፣ በስልክና በሆስፒታል ድምፆች ይያያዛሉ። ከ10 ደቂቃ በላይ በሚወስደው «ስዊት ሲስተር ሜሪ» ውስጥ ድምፃዊቷ ፓሜላ ሙር ከጄፍ ቴት ጋር በቅብብል ትዘፍናለች፤ የመዘምራኑን ኅብረ ድምፅ ያቀናበረው በ«ዘ ዎል» ላይም የሠራው ማይክል ኬመን ነው። ይህ ክፍል ተቆርጦ ለብቻው ቢሰማ ድምቀቱ ይቀራል፤ ሁለቱ ሰዎች ለምን እንደሚፈራሩ ግን አይታወቅም።

አሁን ወደ አቀባበሉ ልሻገር። አልበሙ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ከ50ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። ብዙ ተመልካች ያስገኘለት በኤም ቲቪ የታየው «አይስ ኦቭ ኤ ስትሬንጀር» የተሰኘው ቪዲዮ ነበር። «እንግዲያው ሙሉውን ሥራ ያዳነው ቁራጩ ነው» የሚል ድምዳሜ እዚህ ላይ በቀላሉ ይመጣል። እኔ ግን ይህ ግማሽ እውነት ነው እላለሁ።

ምክንያቴ የዘፈኑ ቦታ ነው። «አይስ ኦቭ ኤ ስትሬንጀር» የአልበሙ የመጨረሻ ክፍል ነው። የቴሌቪዥኑ ተመልካች ከታሪኩ አስቀድሞ ያገኘው ፍጻሜውን፣ ማለትም በመስታወት ውስጥ የራሱ ፊት ባዕድ የሆነበትን ሰው ነበር። ይህ ሰው ማን ነው? እዚህስ እንዴት ደረሰ? ብሎ የጠየቀ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረበት። አልበሙም የሚጀምረው እንዲሁ ነው፦ ኒኪ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ያለፈውን ሲያስታውስ። ገበያው የቆረጠው ክፍል፣ ሳይታሰብ ከትረካው የኋሊት ጉዞ ጋር ገጠመ። ቪዲዮው አድማጩን እስከ በሩ አደረሰው፤ ወደ ውስጥ አስገብቶ ያቆየው ግን የድርሰቱ አወቃቀር ነው።

የሌሎች ሁኔታዎችን ድርሻ አልክድም። በ1990 የወጣው ተከታዩ አልበም «ኢምፓየር» ለባንዱ እጅግ ብዙ አዲስ አድማጭ አምጥቷል። ይሁንና ባንዱ ይህን ስኬት ምን ላይ እንዳዋለው ልብ በሉ፦ በዚያው የኮንሰርት ጉዞ «ማይንድክራይም»ን ከመነሻው እስከ መድረሻው በመድረክ ተጫወተው፤ ቅጂውም በ1991 «ኦፐሬሽን፦ ላይቭክራይም» ተብሎ ወጣ። በዚሁ ዓመት የመጀመሪያው አልበም በአሜሪካ የፕላቲነም፣ ማለትም የአንድ ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና አገኘ። የሜሪ አሟሟት ለዓመታት አድማጮችን ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2006 ባንዱ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል አቀረበ።

ይህ ጉዳይ ለጥናታችን የሚበጀን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የአንድን ሥራ አቀባበል ስንመረምር የሽያጭ ቁጥርና የማስታወቂያ ኃይል ብቻ አይበቁንም፤ ቁራጩ በሙሉው ውስጥ የያዘውን ቦታም መጠየቅ አለብን። ሁለተኛ፣ ዛሬ ሙዚቃ በስልካችን ተበጣጥሶና ቅደም ተከተሉን አጥቶ ይደርሰናል። ኒኪን ከመካከል የጀመረ አድማጭ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ያያል፤ ከመነሻው የተከተለው ግን የተገባ ቁጣ በሌላ ሰው እጅ እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን ይረዳል። በፍርድና በመረዳት መካከል ያለው ልዩነት፣ በዚህ አልበም ረገድ፣ የአንድ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ነው።