የአጠቃቀም መመሪያ ለምን ሳይነበብ ይቀራል?

የአጠቃቀም መመሪያ፣ በተለምዶ ማኑዋል የሚባለው፣ አንድን ዕቃ የሠራው ወገን ዕቃው እንዴት እንደሚገጠም፣ እንደሚሠራ፣ እንደሚጸዳና ከምን መጠበቅ እንዳለበት ለተጠቃሚው የሚያስረዳበት ጽሑፍ ሲሆን፣ ዕቃው በታሸገበት ካርቶን ውስጥ አብሮ ይመጣል። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ከሁሉ በፊት ወደ ጎን የሚደረገው እሱ ነው፤ ዕቃው ወዲያው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ መመሪያው ደግሞ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል ወይም ከካርቶኑ ጋር ይጣላል። ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ በስንፍና ይተረጎማል፤ ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ አለመሆኑ፣ እንዲያውም ከፊሉ ጽሑፉን ካዘጋጀው ወገን የሚመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ጆን ካሮልና ሜሪ ቤት ሮሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጠባይ «የንቁ ተጠቃሚ ተቃርኖ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠርተውታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው አዲስ መሣሪያ የሚገዛው መሣሪያውን ሊያጠና ሳይሆን ሥራውን ሊሠራበት ስለሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ቢያነብ በኋላ ብዙ ድካም እንደሚቀርለት ቢያውቅ እንኳ፣ ከማንበብ ይልቅ መነካካትን ይመርጣል። ካሮል ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መፍትሔ ሰውን መውቀስ አልነበረም፤ መመሪያው ራሱ አጥሮ፣ ተጠቃሚው ሊሠራ ከፈለገው ሥራ እንዲጀምርና ስሕተት ሲፈጠር እንዴት እንደሚታረም እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረበ፤ በሙከራዎቹም ባጭሩ የተጻፈው መመሪያ ከረጅሙ በተሻለ ፍጥነት ሲያስተምር ታየ።

ታዲያ መመሪያዎች ለምን ረዘሙ? አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በተለይ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ አንድ አምራች ዕቃው ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ካላስጠነቀቀ በፍርድ ቤት ተጠያቂ የሚሆንበት አሠራር እየጠነከረ ስለመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በማስጠንቀቂያ ተሞሉ። ተጠቃሚውን ለማስተማር የተጀመረው ጽሑፍ አምራቹን ከክስ ለመጠበቅ ወደሚጻፍ ሰነድ አዘነበለ፤ አንባቢም ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ለእርሱ ያልተጻፈ መስሎ የታየውን አያነብም።

ከርዝመቱ የባሰው እንቅፋት ግን ቋንቋ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር እ.ኤ.አ. በ1391 አካባቢ ስለ አስትሮላብ፣ ማለትም የከዋክብትን ከፍታ ለመለካትና ሰዓትን ለማወቅ ስለሚያገለግል መሣሪያ፣ አሥር ዓመት ለሞላው ልጁ ለሉዊስ መመሪያ ሲጽፍ፣ የዘመኑ ሊቃውንት በሚጽፉበት በላቲን ሳይሆን ልጁ በሚያውቀው እንግሊዝኛ ጻፈው፤ ምክንያቱንም በመቅድሙ ላይ የልጁ ላቲን ገና ትንሽ መሆኑን በመግለጽ አስረድቷል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። በዘመናችንም የአውሮፓ ኅብረት የማሽነሪ ድንጋጌ ቁጥር 2006/42 ማንኛውም ማሽን በሚሸጥበት አገር ይፋዊ ቋንቋ የተዘጋጀ መመሪያ ይዞ እንዲቀርብ አስገድዷል። በአዲስ አበባ ገበያ ላይ ያለ ሸማች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ ወይም በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትም የማጠቢያውን ማሽንና የጽዳት ኬሚካሉን የሚለምዱት በማያነቡት ፊደል ከተጻፈው ማብራሪያ ሳይሆን ከአሠሪያቸው እጅ አይተው ነው። ማንበብ ያልቻለ ሰው ባለማንበቡ ሊወቀስ አይገባም።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ቤት መመሪያ አልባ ሆኖ አያውቅም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ በዚያው ዕለት እንጀራ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል፣ ማለትም በእሳት ላይ ሆኖ በተፈጨ ጎመን ዘር እየታሸ መልኩ እስኪጠቁርና ሊጡ እንዳይዝበት እስኪለሰልስ ድረስ ይዘጋጃል። ጀበናም ቡና ሳይፈላበት በፊት ይሟሻል፤ የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ይህ ሁሉ እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ በሥራ ላይ እያሳየች የምታስተላልፈው የባልትና ዕውቀት ነው፤ በወረቀት አልተጻፈም እንጂ ቅደም ተከተሉን፣ መጠኑንና ማስጠንቀቂያውን ሁሉ አሟልቶ የያዘ መመሪያ ነው። ካሮል የፈለገው ባሕርይም አለው፤ አጭር ነው፣ ከሥራው ይጀምራል፣ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል። እንግዲህ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ወረቀቱን ትቶ ጎረቤቱን ወይም የሱቁን ባለቤት መጠየቁ የቆየና ብዙ ጊዜም የሠራ የመማሪያ መንገዱን መከተሉ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ዕቃው አዲስ፣ አደጋውም በዓይን የማይታይ ሲሆን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ ሸክላው እንደ ቀድሞው ይሟሻል፣ ስለ ሽቦው ግን ከአያት የወረደ ዕውቀት የለም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ኤሌክትሪክ ስለሚጠይቅ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በተሠራ ቀጭን ማራዘሚያ ወይም ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጡ የቤት ዕቃዎችም እንዲሁ ናቸው። በዚያ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ካውያ እዚህ ሲሰካ ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚስብ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። የአብዛኞቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ የሚሠራ በመሆኑ ምንም አይሆንም። ሁለቱን የሚለየው በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ያለችው ጽሑፍ ብቻ ናት፤ ቁጥር ስለሆነችም እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው እንኳ ትነበባለች።

አንዳንድ ጊዜም በቃል የሚተላለፈው ምክር ራሱ ዘመኑ ያለፈበት ይሆናል። አዲስ ስልክ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ መደረግ አለበት የሚለው ከቀድሞዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ልማድ ነው፤ ዛሬ በስልኮች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ይህን አይፈልግም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ከጤና ጋር የተያያዘው ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውና ብዙዎች ለምለም እያሉ የሚጠሩት ኦ.አር.ኤስ. በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ውሃ፣ በተለመደው መጠን ለአንድ ከረጢት 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ይፈልጋል። «ይበርታለት» ተብሎ በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ድብልቅም መጣል አለበት። በረኪናም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል ነው። በእንዲህ ያለው ጉዳይ ሞክሮ መማር የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አስመጪዎችና አምራቾች ለእያንዳንዱ ዕቃ መቶ ገጽ መተርጎም ባይችሉ እንኳ፣ ዕቃው የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ መጀመሪያ መደረግ ያለበትንና ፈጽሞ መደረግ የሌለበትን የያዘ አንድ ገጽ ሸማቹ በሚያነበው ቋንቋ አዘጋጅተው ከዕቃው ጋር ሊሰጡ ይገባል፤ የማሳተሚያው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንባቢም እስከዚያው ድረስ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ሻጩን በአማርኛ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ከመሰካቱ በፊትም ዕቃውን ገልብጦ ቮልቱን ይመልከት።